በሁለት ልጆች ጥያቄ ተጣላን፤ እባካችሁ ገላግሉን

እኔና ታናሽ ወንድሜ ከተኮራረፍን ሦስት ቀን ሆነን። ምክንያቱ የሒሳብ ጥያቄ ነው፤ አትሳቁ።

የማስጠናት የጎረቤት ልጅ ደብተር ላይ እንዲህ ይላል፦ «አንድ ሰው ሁለት ልጆች አሉት። ቢያንስ አንዱ ወንድ ነው። ሁለቱም ወንድ የመሆናቸው ዕድል ስንት ነው?» እኔ ግማሽ አልኩ። ወንድሜ ሲሶ ነው ብሎ ድርቅ አለ።

ቡናው እየፈላ ሁለት የአንድ ብር ሳንቲም አወጣ። አንበሳው ወንድ፣ ሚዛኑ ሴት። 40 ጊዜ ወረወርን። ሁለቱም ሚዛን የሆኑበትን ጣልን። ከቀረው 31 ውስጥ ሁለቱም አንበሳ የወጣው 10 ጊዜ ብቻ! አፌን አስያዘኝ።

ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሰውየውን መንገድ ላይ ከአንዱ ልጁ ጋር ባገኘውና ልጁ ወንድ ቢሆንስ? ሁለት ወንድ ያለው አባት ሁልጊዜ ከወንድ ጋር ነው የሚታየው፤ ወንድና ሴት ያለው ግን ግማሹን ጊዜ ብቻ። ያኔ መልሱ ግማሽ ይመጣል። ጥያቄው ደግሞ ወሬውን ከየት እንደሰማን አይናገርም። ጥያቄውን ታዋቂ ያደረገው አሜሪካዊው የሒሳብ ጸሐፊ ማርቲን ጋርድነር ራሱ በ1959 እ.ኤ.አ. ሳይንቲፊክ አሜሪካን መጽሔት ላይ ሲሶ ብሎ፣ ኋላ ጥያቄው አሻሚ መሆኑን አምኗል።

ወንድሜ «ያልተጻፈ ነገር አትጨምር» ይለኛል። እሱስ ሁለቱም ሚዛን የሆኑበትን ብቻ ሲጥል የራሱን ግምት አልጨመረም?

ልጅቷ ነገ ትመጣለች። ምን ብዬ ላስረዳት? ፈተና ላይ ቢመጣስ የቱን ትጻፍ?