ዓባይ በረሃ ቁልቁለት ላይ ወድቄ ተረፍሁ፤ መታጠፊያ እንዴት እንደሚነዳ በወጉ መማር እፈልጋለሁ

ጠያቂ፦ የእንስሳት ሐኪም፣ ምሥራቅ ጎጃም

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ለሥራ በየቀበሌው በሞተር ሳይክል የምዘዋወር ሰው ነኝ። ባለፈው ወር ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ በሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ወድቄ የግራ እጄ አንጓ ተሰብሯል፤ ከዚህ የከፋ ሳይደርስብኝ መትረፌ የእግዚአብሔር ቸርነት ነው።

ሁኔታው እንዲህ ነበር። አስፋልቱ በከባድ መኪና ጎማ ተጨምቆ ቦይ በሠራበት፣ ወደ ግራ በሚታጠፍ ስፍራ ላይ ሳለሁ፣ ሽቅብ የሚመጣ ተሳቢ ፊቱን ወደ እኔ መስመር አስገባ። የኋላ ፍሬን ረገጥሁ፤ የኋላው ጎማ መዞሩን አቁሞ ተንሸራተተ፤ ሞተሩም መታጠፉን ትቶ በቀጥታ ወደ ገደሉ ጠርዝ አመራ። በዚያች ቅጽበት ዓይኔ ጠርዙ ላይ ካለው ድንጋይ አልነቀል ብሎ እንደነበር በደንብ አስታውሳለሁ። ድንጋዩ ዘንድ ሳልደርስ ጠጠሩ ላይ ወደቅሁ።

የሥራ ባልደረቦቼ «ቁልቁለት ላይ የፊት ፍሬን ይገለብጣል፤ ፈጽሞ እንዳትነካው» ይላሉ፤ እኔም እስካሁን የነዳሁት በዚሁ ምክር ነው። ምክሩ ትክክል ነውን? መታጠፊያ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም ምን ማድረግ ይቻላል? ሄልሜቴ ውጩ ተፋቀ እንጂ አልተሰነጠቀም፤ ልጠቀምበት እችላለሁ?

መልስ፦ የሞተር ሳይክል አሠልጣኝ

እንኳን ለዚህ አበቃዎት። ከባልደረቦችዎ ምክር ልነሣ፤ በአገራችን ሞተር ነጂዎች ዘንድ ከዚህ አባባል የበለጠ ሰው የጎዳ መኖሩን እጠራጠራለሁ። ፍሬን ሲያዝ የሞተሩም የነጂውም ክብደት ወደ ፊት ይሄዳል፤ የፊት ጎማ መሬቱን ይበልጥ ይጫናል፣ የኋላው ይቀልላል። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ፍሬን ገና ሳይነካም የኋላው ጎማ ቀሎ ነው የሚወርደው። ስለዚህ የኋላ ፍሬን ብቻውን በኃይል ሲረገጥ የቀለለው ጎማ ወዲያው ይቆምና ይንሸራተታል፤ እርስዎ ላይ የደረሰውም ይኸው ነው። የፊት ፍሬን የሚጥለው በድንገት ሲጨመቅ፣ ወይም ሞተሩ አጋድሎ ሳለ አለዚያም ጠጠር ላይ ጠበቅ ተደርጎ ሲያዝ ነው። ሞተሩ ቀጥ ብሎ ሳለ ቀስ በቀስ እየተጠናከረ ከተያዘ ግን አብዛኛውን የማቆም ሥራ የሚሠራው እርሱ ነው።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። በአሜሪካ በሃሪ ሃርት መሪነት ሎስ አንጀለስ አካባቢ የደረሱ 900 የሞተር ሳይክል አደጋዎችን በየቦታው ተገኝቶ የመረመረውና በ1981 እ.ኤ.አ. የወጣው ጥናት፣ አብዛኞቹ ነጂዎች በጭንቅ ጊዜ የኋላውን ፍሬን አለቅጥ ረግጠው ጎማውን እንደሚያቆሙ፣ የፊቱን ግን እምብዛም እንደማይጠቀሙበት አሳይቷል። አደጋ ከደረሰባቸውም ውስጥ 92 ከመቶው መንዳት የተማሩት በራሳቸው ወይም ከቤተሰብና ከጓደኛ ነበር። የእኛም አገር ነጂ በአብዛኛው እንዲሁ ስለሚማር፣ የተሳሳተው ምክር ከሰው ወደ ሰው ሳይታረም ይተላለፋል።

ፍሬኑ የሚያዝበት ጊዜም ከአያያዙ ያላነሰ ነገር ነው። የጎማው መሬት የመያዝ አቅም እንደ ወር ደመወዝ የተወሰነ ነው፤ ለመታጠፍ የወጣው ለፍሬን አይተርፍም። በመሆኑም ፍጥነት የሚቀነሰውም ማርሽ የሚወርደውም ሞተሩ ገና ቀጥ ብሎ ሳለ፣ መታጠፊያው ሳይጀምር ነው፤ ከዚያ በኋላ ጋዙን እኩል ይዞ ማለፍ ብቻ ይቀራል። ፍጥነት ከ30 ወደ 60 ኪሎ ሜትር ሲያድግ ፍሬን ተይዞ እስኪቆም የሚኬደው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል፤ ያንኑ ኩርባ ለመዞር ከጎማው የሚጠየቀው ጉልበትም እንዲሁ። በ60 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው ገና «ምንድን ነው?» ብሎ በሚያስብባት አንዲት ሰከንድ ብቻ 17 ሜትር ያህል ይሄዳል። ስለዚህ መለኪያዎ ዓይንዎ የሚያየው መንገድ ይሁን፤ ከፊትዎ ጥርት ብሎ በሚታየው ርቀት ውስጥ መቆም ካልቻሉ ፍጥነትዎ በዝቷል ማለት ነው።

ዓይንዎ ድንጋዩ ላይ ስለመቅረቱ የጻፉት ትልቅ ነገር ነው። ሰው ሲደነግጥ የፈራውን ነገር ትኩር ብሎ ያያል፤ ሞተር ደግሞ ዓይን ወዳረፈበት ይሄዳል። መውጫውን እያዩ፣ በአገጭዎ ጭምር ወደዚያ ዞረው፣ ወደ ግራ ለመታጠፍ የግራውን እጀታ ወደ ፊት ገፋ ያድርጉ። መጀመሪያ ሲሰሙት የተገላቢጦሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ሞተሩ የተወሰነ ፍጥነት ካገኘ በኋላ የሚያጋድለውና የሚታጠፈው በዚህ መንገድ ነው። እጅዎ ሲድን መኪና በማይበዛበት ሜዳማና ደረቅ አስፋልት ላይ በዝግታ ጀምረው ይለማመዱት፤ የፊት ፍሬኑንም እዚያው፣ ቀጥ ብለው እየነዱ።

መልስ፦ የተሳቢ ሾፌር

ወንድሜ፣ እንኳን ተረፉ። ያንን ቁልቁለት ዘወትር እመላለስበታለሁና እኛ የምናየውን ልንገርዎት። ያ ተሳቢ ፊቱን ወደ እርስዎ መስመር ያስገባው ምናልባት ከንቀት አይደለም። ለእርስዎ ወደ ግራ የሚታጠፈው ለእርሱ ወደ ቀኝ ነው፤ የተሳቢው የኋላ ጎማዎች ደግሞ ሁልጊዜ ወደ ውስጥ ይቆርጣሉ። መሪውን ሰፋ አድርጎ ካልያዘ ተሳቢው ውስጠኛውን ጠርዝ ይገጫል ወይም ቦዩ ውስጥ ይገባል። በተቃራኒው፣ ለእርስዎ ወደ ቀኝ በሚታጠፈው ላይ ፊታችን በመስመራችን ሆኖ የተሳቢው ጅራት መሐሉን ተሻግሮ ወደ እርስዎ ይመጣል። ብዙ ሞተረኛ ፊታችን ካለፈ በኋላ «አለፈ» ብሎ መሐል መንገዱን ይጠጋል፤ እዚያ ላይ ነው የሚያልቀው። ስለዚህ ከመታጠፊያው በፊት ክላክስ ይንፉ፤ ተሳቢ ካዩም ገና ሳይታጠፉ ዳር ይዘው ቆመው ያሳልፉን። የሚያጉረመርም ሾፌር የለም።

ቁልቁለቱን ማርሽ ዜሮ አድርጎ ነዳጅ ለመቆጠብ የሚወርድም አይጠፋም። እባካችሁ ይህን ተዉት። የፍሬን ሸራ ሲግል መያዙን ያቆማል፤ ፍሬኑ እንደለገመ የሚያውቁት ደግሞ ድልድዩ ከመድረሱ በፊት ባለው የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ነው። በዝቅተኛ ማርሽ ሞተሩ ራሱ ይያዘው። ኩርባ ላይ ከሞላ ሰልባትዮ የፈሰሰ ናፍጣም ይኖራል፤ አስፋልቱ ጠቆር ብሎ ሲያብለጨልጭ ወይም ሲሸትዎት፣ በተለይ ካፊያ ከጣለበት፣ ፍሬን ሳይነኩ ቀጥ ብለው ይለፉ።

መልስ፦ የድንገተኛ ክፍል ነርስ

ሄልሜቱን አይጠቀሙበት። ምት የሚያለዝበው በውስጡ ያለው ነጩ አረፋ ነው፤ አንድ ጊዜ ከተጨመቀ ተመልሶ አያብጥም፣ ይህም ከውጭ አይታይም። ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ግምገማ ሄልሜት የሞት አደጋን በ42 ከመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 ከመቶ እንደሚቀንስ አግኝቷል፤ ይህ ግን ማሰሪያው ከአገጭ ሥር ሲታሰር ነው። አብዛኞቹ ወደ እኛ የሚመጡት ወንድሞች ሄልሜቱን ክርናቸው ላይ አንጠልጥለውት የነበሩ ናቸው።

ሌሎችም ይህን ያንብቡት፦ የወደቀ ሰው ራሱን ካወቀና መተንፈስ ከቻለ ሄልሜቱን ጎትታችሁ አታውልቁ፣ አንገቱንም አታንቀሳቅሱ። ደኅና የመሰለ ሰው በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ደጋግሞ ካስታወከው፣ ራስ ምታቱ ከባሰበት ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ይምጣ።

ጠያቂ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለ ተሳቢው ጅራት የተጻፈውን ለባልደረቦቼ ጮክ ብዬ አነበብሁላቸው። አንድ ነገር ልጨምር፦ ሞተሩ ይነሣል፣ ይሄዳል፤ ነገር ግን መሪው ትንሽ ወደ ቀኝ ያዘነበለ ይመስለኛል። ጋራዡ «ምንም የለውም» ብሎኛል።

መልስ፦ የሞተር ሳይክል አሠልጣኝ

መሪው ካዘነበለ አንድ ነገር አለው ማለት ነው። የፊት ጎማውን የያዙት ሁለቱ ዘንጎች ወይም መሪው የተጣበቀበት ማሰሪያ ተጣምሞ ሊሆን ይችላል። ጎማውን ከመሬት አንሥተው ያሽከርክሩትና ሪሙ ወዲህና ወዲያ የሚል መሆኑን ይዩ፤ ከዚያ ፊት ለፊት ቆመው ሁለቱ ዘንጎች ከላይ እስከ ታች እኩል መሄዳቸውን በዓይን ይለኩ። ከተጣመሙ በመዶሻ እናቃናልዎት የሚልዎትን እምቢ ይበሉና ይቀየሩ።