ሐዋሳ ሐይቅ አጠገብ ጂ+2 ገስት ሃውስ፦ ርቀቱ ከየት ይለካል?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በጥቁር ውሃ በኩል፣ ከሐይቁ ብዙም ባልራቀ ቦታ ጂ+2 ገስት ሃውስ ለመሥራት ታስቧል። ዲዛይን ከማሠራታችን በፊት ምን ይጣራ? ከሐይቁ የሚፈለገው ርቀትስ ከየት ጀምሮ ነው የሚቆጠረው? ፍሳሹም አሳስቦናል።

የፕላን ባለሙያ፦
ለአርክቴክት ከመክፈላችሁ በፊት የፕላን ስምምነት (ቦታው ላይ ምን መሥራት እንደሚቻል የሚገልጽ የከተማው ማረጋገጫ) ጠይቁ። የካርታው ኮኦርዲኔት በመዋቅራዊ ፕላኑ (በከተማው የመሬት አጠቃቀም ዕቅድ) ላይ ሲጣል ቦታው አረንጓዴ ወይም የሐይቅ ዳርቻ ክልል ውስጥ ካረፈ፣ ካርታ ስላላችሁ ብቻ ግንባታ አይፈቀድላችሁም። ከገበሬ በውል የተገዛ ከሆነማ ጭራሽ አትንኩት።

ርቀቱን ዛሬ ውሃው ከቆመበት መለካት ግን ትልቁ ስህተት ነው። ሐዋሳ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም፤ የገባው ውሃ ካልተነነ ወይም ካልሰረገ የትም አይሄድም። ተዳፋቱ 1 በመቶ በሆነ ሜዳ ላይ ሐይቁ 1 ሜትር ቢሞላ ውሃው 100 ሜትር ወደ ውስጥ ይገባል፤ ተዳፋቱ 10 በመቶ ከሆነ 10 ሜትር ብቻ። ስለዚህ ለሜዳውም ለገደሉም አንድ ዓይነት ሜትር መስጠት ሐይቁንም ቤቱንም አያድንም። ቀያሹ እስካሁን ከተመዘገበው ከፍተኛ የውሃ ከፍታ ሌቭል ይውሰድ፤ ርቀቱ ከዚያ መስመር ይቆጠር።

የሳኒቴሽን መሐንዲስ፦
ለ30 ሰው፣ በሰው በቀን 80 ሊትር ፍሳሽ ብትይዙ በቀን 2,400 ሊትር ነው። በሴፕቲክ ታንኩ (ዝቃጩ የሚቀርበት የፍሳሽ ጉድጓድ) ውስጥ የሁለት ቀን ማቆያው 4.8 ሜትር ኩብ ይሆናል። ለዝቃጩ በሰው በዓመት 40 ሊትር አስቡ፤ በየ3 ዓመቱ ከተመጠጠ 3.6 ይጨምራል። ታንኩ በድምሩ 8.4 ሜትር ኩብ ይፈልጋል።

ጣጣው ከታንኩ ወጥቶ የሚሰርገው ነው። የማስረጊያው ጉድጓድ ወለል ከከርሰ ምድር ውሃው ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍ ይበል። የሙከራ ጉድጓዱን ክረምቱ እንዳለቀ፣ ጥቅምት ላይ ቆፍሩ፤ መጋቢት ላይ ደርቆ ያታልላችኋል። አፈሩ አሸዋና ፑሚስ (ቀዳዳ የበዛበት ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ከሆነ ፍሳሹ ሳይጣራ ይወርዳል። 1.5 ሜትሩ ካልተገኘ ማስረጊያውን ተዉትና ውሃ የማያስገባ ታንከር ሠርታችሁ በቦቴ አስመጥጡ።

የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ፦
«ሙሌት ደፍታችሁ ከፍ አድርጉት» የሚላችሁ አይጠፋም፣ እባካችሁ አትስሙት። ሙሌቱ ውሃውን ወደ ጎረቤት ይገፋል፣ በደንብ ካልተጠቀጠቀ ደግሞ ሰምጦ ግድግዳ ይሰነጥቃል። ወደ ሐይቁ የሚሄደውን ደለል የሚያስቀረው ደንገሉና ፊላው ነው። የጥቁር ውሃ ወንዝ የሚነሳበት ጨለለቃ ድሮ ሐይቅ ነበር፣ ዛሬ ረግረግ ነው፤ እሱም በአፈር ከተሞላ ወንዙ ጭቃውን በቀጥታ ሐይቁ ውስጥ ይደፋዋል።

በአዋጅ ቁጥር 299/1995 መሠረት የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ይሁንታ ሳያገኝ ሥራ አይጀምርም። የእናንተ ያስፈልገው አያስፈልገው የክልሉን የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ጠይቁ፤ መልሱን በቃል ሳይሆን በደብዳቤ ተቀበሉ።