እናትና ልጅን አብሮ የሚያስጠጋ ክርስቲያናዊ ቤት አዲስ አበባ ውስጥ የሚያውቅ አለ?

ቤቲ ገርጂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጎረቤት ቤት የምትሰራ ልጅ አለች፣ ከወሎ ነው የመጣችው፣ 7 ወሯ ነው። ያስረገዛት ልጅ ስልኩን ካጠፋ ቆየ፣ አሰሪዎቿ ደግሞ ወሩ ሲያልቅ ውጪ ብለዋታል፣ አገሯ እንዳትመለስ አባቷን ትፈራለች፣ እኔ እንዳላስጠጋት ከሁለት ሴቶች ጋር አንዲት ክፍል ነው የተከራየሁት። ሰው ሁሉ የሚላት ‹‹ውለጂና ልጁን ማሳደጊያ አስገብተሽ ስራሽን ቀጥዪ›› ነው፣ እሷ ግን ልጄን ለማንም አልሰጥም ብላ ታለቅሳለች። በናታችሁ አራስነቷን ከልጇ ጋር የምታሳልፍበት ክርስቲያናዊ ቤት የምታውቁ ንገሩኝ። ደሞ እሷ ኦርቶዶክስ ናት፣ እንዲህ አይነት ቤቶች ብዙዎቹ የፕሮቴስታንት ናቸው ይባላል፣ ገብታ ልጇን ክርስትና ማስነሳት ትችላለች ወይ?

ሶሻል ወርከሯ፦
ቤቲዬ እግዜር ይስጥሽ። መጀመሪያ ማሳደጊያ ሌላ፣ እናትና ልጅ አብረው የሚቆዩበት ቤት ሌላ ነው፣ ሰው ግን ያደባልቃቸዋል። ለምሳሌ ክበበ ፀሐይ የመንግስት ነው፣ የሚቀበለው ተጥለው የተገኙና አሳዳጊ ያጡ ህፃናትን ነው። ስድስት ኪሎ ያሉት የማዘር ቴሬዛ እህቶች ሃይማኖት ሳይጠይቁ ታማሚና ጠያቂ ያጣ ሰው ነው የሚያስጠጉት፣ ሌላ ካጣችሁ ሄዳችሁ አማክሯቸው። እናትና ልጅ ላይ ብቻ የሚሰሩ ትናንሽ ቤቶችም አሉ፣ አልጋቸው ጥቂት ስለሆነ ቶሎ ይሞላል፣ ብዙዎቹ ደግሞ ከወረዳው ሴቶችና ማህበራዊ ጉዳይ ደብዳቤ ይዛችሁ ኑ ይላሉ። ስለዚህ ዛሬ ነገ ሳትሉ ወረዳ ሂዱ፣ መታወቂያ የላትም ብላችሁ እንዳትቀሩ። ክትትል ካልጀመረችም ጤና ጣቢያ ውሰጃት፣ የመንግስት ጤና ጣቢያ ለነፍሰ ጡር በነፃ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን ቤቱን ስታገኙ ‹‹ከወለደች በኋላ እስከ መቼ ትቆያለች፣ ስትወጣስ ምን ይዛ ነው የምትወጣው?›› ብለሽ ጠይቂ። አራስነቷን አብልቶ ያለ ሙያ፣ ያለ ቤት ኪራይ፣ ቀን ህፃኑን የሚይዝላት ሰው ሳይኖር የሚያሰናብት ቤት አለ፣ እናትና ልጅ የሚለያዩት አብዛኛውን ጊዜ ያኔ ነው፣ ሲወለድ አይደለም። ተነቦላት በደንብ ያልገባትን ወረቀት ደግሞ እንዳትፈርም። በ2001 የወጣው የመንግስት የአማራጭ እንክብካቤ መመሪያ እንኳ ተቋም የመጨረሻ አማራጭ ነው ይላል፣ ድሃ ስለሆንሽ ልጅሽን አምጪ የሚላት ካለ አትስማው።

ያደግኩበት፦
እኔ ክርስቲያን ማሳደጊያ ውስጥ ነው ያደግኩት። ምግብ አልጎደለብኝም፣ ትምህርቴን ጨርሻለሁ፣ ያሳደጉኝን እግዚአብሔር ይባርካቸው፣ ይሄን ከልቤ ነው የምለው። ግን እናቴ በህይወት ነበረች፣ ያስገባኝ ድህነት ብቻ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የጠያቂ ቀን ነው፣ ታጥበን ፊታችንን ቫዝሊን ተቀብተን በሩ ፊት ለፊት ያለው ሲሚንቶ ደረጃ ላይ እንደረደራለን፣ በሩ በተንኳኳ ቁጥር ሁላችንም ነበር ብድግ የምንለው። እናቴ የታክሲ ስታገኝ ትመጣለች፣ ስታጣ ትቀራለች። ለኔ ከወጣው ወጪ ግማሹ ለሷ ተሰጥቷት ቢሆን አንድ ቤት እንኖር ነበር ብዬ እስከዛሬ አስባለሁ። ልጅቷ አልሰጥም ካለች እባካችሁ ከጎኗ ቁሙ።

ማርታ አገልጋይ፦
የክርስትናውን ልመልስልሽ፣ እኔ ፕሮቴስታንት ነኝ፣ እንዲህ አይነት ቤት ውስጥ ኩሽና አገለግላለሁ። ጠዋት ፀሎት አለ፣ ሁሉም ይቀመጣል፣ ይሄን አልደብቅሽም። ግን እኛ ጋ የነበረች ኦርቶዶክስ እናት ልጇ ሴት ስለነበረች በ80 ቀኗ ወስዳ ክርስትና አስነስታታለች፣ ነጠላ ያዋሰቻት የጥበቃችን ሚስት ናት፣ የክርስትና እናት የሆነቻት ደግሞ በራችን ላይ ሻይ የምትሸጠዋ ሴትዮ፣ ተመልሰው ሲመጡ ቡና አፍልተን ነው የተቀበልናቸው። ሁሉም ቤት ግን እንደዚ አይደለም፣ ‹‹እዚህ ከገባሽ የኛን ነው የምትከተዪው›› የሚሉም አሉ፣ ስለዚህ ሳትገባ በፊት በግልፅ ትጠይቅ። መሄጃ ያጣችን ሴት በአልጋና በአጥሚት እምነቷን ማስለወጥ ወንጌል አይደለም፣ ይሄን የራሴ ወገኖች ፊትም እናገራለሁ።

እና ቤቱን በአይንሽ እዪው። አራስ 40 ቀን ሳይሞላት ልብስ ስታጥብ ካየሽ ሌላ ፈልጉ።

ዳዊት ዲሲ፦
ሶሻል ወርከሯ ያለችው ስትወጣ ምን ይዛ ትወጣለች የሚለው ነገር በጣም ልክ ነው። ወይዘሮ አበበች ጎበናን ተመልከቱ፣ በ1972 ለንግስ ግሸን ማርያም ሄደው ድርቅ ካጠቃው የወሎ አገር ሁለት ህፃናት ይዘው ነው የተመለሱት፣ ለዛ ብለው ትዳራቸውንም አጥተዋል። በ2013 እስኪያርፉ ድረስ ግን ያቋቋሙት ድርጅት ህፃን በመሰብሰብ ብቻ አላቆመም፣ ሴቶች ሙያ ተምረው ገቢ አግኝተው ልጃቸውን ራሳቸው እንዲያሳድጉ ወደ ማድረግም ሄዷል። እኛ ውጪ ያለነው ግን ገንዘብ የምናዋጣው የህፃን ፎቶ ሲላክልን ነው፣ ለእናትየው የስድስት ወር ቤት ኪራይ አዋጡ ሲባል ግሩፑ ዝም ይላል፣ ይሄ መለወጥ አለበት። ቤቲ፣ ልጅቷ ከቤቱ ስትወጣ ለኪራይ የሚሆን ከጓደኞቼ ጋር እንሰበስባለን፣ ኢንቦክስ አድርጊኝ።

ቤቲ ገርጂ፦
ሁላችሁንም ፈጣሪ ያክብርልኝ፣ መልሶቹን አንብቤላታለሁ። ሰኞ ወረዳ አብሬያት እሄዳለሁ። አንድ ነገር ብቻ፣ አባትየው ከሌለ የልደት ሰርተፊኬት እንዴት ነው የሚሆነው?

ሶሻል ወርከሯ፦
እናት ብቻዋን ማስመዝገብ ትችላለች፣ በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ ወረዳ ወሳኝ ኩነት ጋ ትሂድ፣ ስትወልድ ጤና ተቋሙ የሚሰጣትን የልደት ማሳወቂያ ወረቀት እንዳትጥለው። ልጁ አባት የለውም ማለት ግን አይደለም፣ በቤተሰብ ህጉ ፍርድ ቤት አባትነቱን ካረጋገጠ ቀለብ ይቆርጥበታል፣ ልጁ የኔ ነው ብሎ የፃፈው ነገር ካለም ማስረጃ ይሆናታል። ስለዚህ ድሮ የላከላትን ቴክስት እንዳታጠፋው፣ ስክሪንሾት አድርጊና አንቺም ስልክ ላይ ይቀመጥ።