ከላፓሮስኮፒ ኦፕራሲዮን በኋላ ማስመለስን እንዴት እንከላከል?

ጠያቂ፣ ደብረ ማርቆስ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እህቴ አዲስ አበባ ሄዳ የኦቫሪ ሲስት (እንቁልጢ ላይ ያለ ፈሳሽ የቋጠረ እብጠት) በላፓሮስኮፒ፣ ማለት ሆድን በትንንሽ ቀዳዳ በካሜራ እያዩ በሚሠሩት ኦፕራሲዮን፣ ልታስወጣ ነው። የፈራችው ኦፕራሲዮኑን ሳይሆን ማስመለሱን ነው። ትርፍ አንጀቷ የወጣ ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ ሲያስመልሳት አደረ። መኪናም አይስማማትም፤ ገና ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ መውረድ ስንጀምር ፌስታል ይዛ ነው። ምን ይሻላል?

የማደንዘዣ ባለሙያ፣ ባሕር ዳር፦ ወንድሜ፣ ይህንኑ አንድ ሳታስቀሩ ለሚያደነዝዛት ባለሙያ ንገሩት። እኛ 4 ነገር እናያለን፦ ሴት መሆን፣ ሲጋራ አለማጨስ፣ ቀድሞ ከኦፕራሲዮን በኋላ ወይም መኪና ላይ ማስመለስ፣ ከዚያም እንደ ሞርፊን ያለ ማስታገሻ። አራቱም ያሉባቸው ሰዎች ካልተከላከልንላቸው ከ10ሩ 8ቱ ገደማ ይቸገራሉ። እህትህ ካላጨሰች ሦስቱ አሉባት። ስለዚህ አንድ የማስመለስ መከላከያ መድኃኒት አይበቃትም። ብዙ ጊዜ ዴክሳሜታዞን ገና እንደተኛች፣ ኦንዳንሴትሮን 4 ሚሊ ግራም ደግሞ ሥራው ሊያልቅ ሲል ይሰጣል። በሚተነፈስ የማደንዘዣ ጋዝ ፈንታ በደም ሥር በሚሰጥ ፕሮፖፎል ብቻ ማስተኛትም ይረዳል፤ ሁሉም ጋ ስለማይገኝ ጠይቁ። ስኳር ካለባት አትደብቁ፤ ዴክሳሜታዞን ከፍ ያደርገዋል።

እህት ከቡሬ፦ እኔን ያዞረኝ ትራማዶል የሚባለው የሕመም ማስታገሻ ነው። በፓራሲታሞልና በዳይክሎፌናክ ሲቀይሩልኝ ቀለል አለኝ። ጨጓራ ወይም ኩላሊት ካለባት ግን ዳይክሎፌናኩን ሐኪሙ ይወስን። ደግሞ ትከሻዋን ቢያማት አትደንግጥ። በኦፕራሲዮኑ ጊዜ ሆድ ውስጥ የሚነፉት ጋዝ ነው የሚያመው።

ጠያቂ፦ እናታችን ጠዋት ዝንጅብል በጤና አዳም አፍልቼ ላጠጣት ብላለች።

የማደንዘዣ ባለሙያ፦ እማማን እሺ አስብሏቸው፣ ያን ቀን ይቅር! ምግብ ከማደንዘዣው ቢያንስ 6 ሰዓት፣ ቅባት የበዛበት ከሆነ 8 ሰዓት ቀድሞ ይቁም። ንጹህ ውሃ ግን ሆስፒታሉ ከፈቀደ ለማደንዘዣው 2 ሰዓት እስኪቀር መጠጣት ትችላለች። ከማታ ጀምሮ ጉሮሮዋ እስኪደርቅ መጠማት ምንም አይጠቅማትም።

ነርስ፣ ፍኖተ ሰላም፦ ከእጅ አንጓዋ መታጠፊያ በሦስት ጣት ወደ ክርን፣ በሁለቱ ጅማቶች መሃል ጫን ጫን ታድርግ። ይረዳል፤ መድኃኒቱን ግን አይተካም።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። በዚያው ቀን ብንመለስስ?

የማደንዘዣ ባለሙያ፦ ኧረ በፍጹም! በዚያ ጠመዝማዛ? ዘመድ ጋ ትረፍ፤ መንገዱን ሐኪሟ ሲፈቅድ። ውሃ እንኳ አልረጋ ካላት፣ ሆዷ እየተነፋ ካመማት ወይም ካተኮሳት ሳታድሩ ወደ ሆስፒታል መልሷት።