እማዬ ኬሞ ላይ ናት፣ ለኮሮና መከላከያ ሃይድሮክሲክሎሮኪን ትውሰድ ወይ?

ሰላም፣ ሐኪምና ፋርማሲስት የሆናችሁ እባካችሁ መልሱልኝ። እማዬ የጡት ካንሰር አለባት፣ በኬሞው ነጭ የደም ሴሏ ስለወረደ ኮሮና እንዳይዛት ሁላችንም ፈርተናል፣ እና አጎቴ ሃይድሮክሲክሎሮኪን የሚባለውን የወባ መድኃኒት ገዝቶ መጥቶ ቀድሞ ይከላከላል፣ ከነገ ጀምሮ ትዋጥ እያለ ነው። እኔ ሳነብ ግን የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ ለታመሙት የሰጠውን የአስቸኳይ ጊዜ ፈቃድ እንኳን ሰኔ 8 ቀን 2012 አንስቶታል፣ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲም ለቫይረሱ በተጋለጡ 821 ሰዎች ላይ ሲያጠና ከማስመሰያ ኪኒን የተሻለ አልተከላከለም። ከሁሉ ያስጨነቀኝ ልቧ ነው፣ መድኃኒቱ የልብ ምት ያዛባል ይላሉ፣ እንዳያስታውካት የምትወስደው ኦንዳንሴትሮንም እንደዛው፣ የኬሞ መድኃኒቷ ዶክሶሩቢሲን ደግሞ ራሱ ልብ ይጎዳል። የሐኪም ቀጠሮዋ ገና ነው፣ አጎቴ ታላቅ ስለሆነ እምቢ ማለት ከብዶኛል፣ እሱም ለሷ ብሎ ነው። ኢሲጂ (የልብ ምት ምርመራ) ሳትነሳ እነዚህ አብረው ይሰጣሉ እንዴ? ካልሆነስ አጎቴን ምን ብዬ ላስረዳው?