ጤና ጣቢያችን በደም ግፊት ጥናት እንዲሳተፍ ተጠይቋል፤ ከመፈረማችን በፊት ምን እናዘጋጅ?

ጠያቂ፦ የክሮኒክ ክፍል ነርስ፣ ጎንደር

ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር ከተማ ውስጥ ባለ ጤና ጣቢያ የክሮኒክ (የረጅም ጊዜ ሕመም) ክፍል ተጠሪ ነኝ። የደም ግፊት ታካሚዎች ላይ ለሚሠራ ጥናት በ6 ወር ውስጥ 120 ሰው እንድንመዘግብና እያንዳንዱን ሰው ለ12 ወር እንድንከታተል ተጠይቀናል። አዲስ መድኃኒት የለም። የሚነጻጸረው የተለመደውን መድኃኒት በየወሩ መስጠትና በየሦስት ወሩ መስጠት ነው፤ ማን የትኛው ውስጥ እንደሚገባ በታሸገ ፖስታ ዕጣ ይወሰናል። መጀመሪያ ላይ፣ በ3ኛው፣ በ6ኛውና በ12ኛው ወር ግፊት ይለካል፣ ለክሬያቲኒን (የኩላሊት ምርመራ) እና ለፖታሲየም (በደም ውስጥ ያለ ጨው) ደም ይወሰዳል። ደሙ የሚመረመረው እኛ ጋ ሳይሆን ሌላ ላቦራቶሪ ተልኮ ነው።

ሁለት ነርስ፣ አንድ ጤና መኮንን፣ አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያና አንድ ፋርማሲስት አለን። ሴንትሪፉጅ (ደምን አዙሮ የሚለይ መሣሪያ) አለ፤ መብራት ግን ይጠፋል። ኃላፊያችን ፈቃደኛ ናቸው። እኔ የምሰጋው ታካሚው እንዳይጉላላ ነው። ተመራማሪዎቹን ምን እንጠይቅ? ማን ምን ይሥራ?

መልስ፦ የመስክ አስተባባሪ

ሲስተር፣ ከሁሉ በፊት መዝገቡን ይቁጠሩ። ጥናት ሲታቀድ ታካሚው ሞልቶ የተረፈ ይመስላል፤ ምዝገባ ሲጀመር የት እንደገባ አይታወቅም። በሙያው የላሳኛ ሕግ የሚባለው ይህ ነው።

የክሮኒክ መዝገቡ ላይ 300 ስም ቢኖር ባለፉት ሦስት ወራት በአካል የመጡት ስንት ናቸው? ከእነሱ ውስጥ በጥናቱ መሥፈርት የማይገቡትን ይቀንሱ፤ ከቀሩት ግማሹ ብቻ እሺ ቢል ብለው ያስሉ። ከ120 ካነሰ አሁኑኑ «60 እንችላለን» ወይም «80 እንችላለን» ይበሏቸው። ኮታ ለመሙላት የሚሯሯጥ ጣቢያ መሥፈርቱን የማያሟላ ሰው ያስገባል፤ ይህ ሰውየውንም ይጎዳል፣ ውጤቱንም ያበላሻል። ለተመራማሪዎቹ የሚሰጡት ቁጥሩን ብቻ ይሁን። የሥነ ምግባር ፈቃድ ሳይመጣ ስም፣ ስልክም ሆነ የካርድ ቁጥር ከክፍሉ አይወጣም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም አለ።

ቀጥሎ ሰዓት ነው። 120 ሰው በ6 ወር ማለት በወር 20፣ በሳምንት 5 ሰው ነው። ማስረዳትና ማስፈረም፣ መጠይቅ፣ ልኬትና ደም መውሰድ ተደምሮ ለአንድ ሰው አንድ ሰዓት ተኩል ይያዝለት። በሳምንት ሰባት ሰዓት ተኩል ሆነ፤ የአንድ ሰው ሙሉ የሥራ ቀን ማለት ነው። በዚህ ላይ በ4ኛው ወር፣ መጀመሪያ የገቡት 20 ሰዎች ለሦስተኛ ወር ቀጠሮ ይመለሳሉ፤ አዲስ ምዝገባው ግን ገና አላለቀም። ጣቢያዎች የሚሰበሩት እዚህ ጋ ነው። ስለዚህ ከእናንተ ሁለት ነርሶች አንዷን አይስጡ። ቢያንስ በሳምንት ሁለት ቀን የሚገኝ በጥናቱ በጀት የሚቀጠር ነርስ ይጠይቁ፤ ውሉ ላይ ይጻፍ።

ገንዘብን በተመለከተ፦ ለጥናቱ ብቻ የሚሠራ ምርመራ በታካሚውም በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንም እንዳይከፈል። ጥናቱ ይሸፍነዋል። ለጤና ጣቢያው የሚመጣው ክፍያ በውል፣ በደረሰኝ፣ በጤና ጣቢያው ሒሳብ ይግባ እንጂ በእጅ አይሁን።

መልስ፦ የሥነ ምግባር ኮሚቴ አባል

ወረቀቱን ላሟላ።

የሥነ ምግባር ፈቃድ ደብዳቤው ላይ ሦስት ነገር እዩ፦ የጤና ጣቢያችሁ ስም ተጠቅሷል ወይ፣ የሚያበቃበት ቀን መቼ ነው፣ ተፈቀደ የተባለው ፕሮቶኮል (የጥናቱ ዕቅድ) እና የስምምነት ቅጽ የስንተኛው ቅጂ ነው። በክትትል ጉብኝት አዘውትሮ የሚገኘው ጥፋት ያለፈበት ቅጂ ላይ ማስፈረም ነው። አዲስ ቅጂ ሲጸድቅ አሮጌውን ከመሳቢያ አውጡት፤ አንድ ናሙና ላዩ ላይ መስመር ተሰምሮበት ፋይል ውስጥ ይቀመጥ። ከከተማው ጤና መምሪያ የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ያልተመዘገበ መድኃኒት የሚሞከርበት ጥናት ቢሆን ኖሮ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድም ይጠየቅ ነበር። የእናንተ በዕጣ የሚከፋፈል ስለሆነ የመጀመሪያው ሰው ሳይገባ በሙከራ መዝገብ መመዝገብ አለበት፤ በአፍሪካ ደረጃ መዝገቡ ኬፕታውን ነው ያለው። የምዝገባ ቁጥሩን ጠይቁ።

ስምምነቱ ላይ ላስጠነቅቅሽ፣ እኅቴ። በየወሩ መድኃኒቱን የምትሰጪው አንቺው «ይሳተፋሉ?» ብለሽ ከጠየቅሽ ታካሚው እምቢ ማለት ይከብደዋል። ጥናት መኖሩን ብቻ ንገሪ፤ የማስረዳቱንና የማስፈረሙን ሥራ ሌላ ሰው ይያዘው። ማንበብ ለማይችሉ ከጥናቱ ጋር ግንኙነት የሌለው ማንበብ የሚችል ምስክር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይቀመጥ፤ ተሳታፊው በአውራ ጣት ያትማል፣ ምስክሩ ይፈርማል፣ ሁለቱም ቀኑን ያስይዛሉ። የጽዳት ሠራተኛዋን መጨረሻ ላይ ጠርቶ ማስፈረም ምስክርነት አይደለም። «ገባዎት?» ብሎ መጠየቅም ብዙ አይጠቅም፤ ሁሉም አዎ ነው የሚለው። «ቤት ሲገቡ ለቤተሰብ ምን ብለው ይነግሯቸዋል?» ብትዪ ያልገባው ነገር ወዲያው ይወጣል። አንድ ቅጂ ለተሳታፊው ይሰጥ።

መልስ፦ የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ አዘዞ

የእናንተ ጥናት ፖታሲየም ላይ ነው የሚወድቀው፤ ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍ።

ፖታሲየም በብዛት ያለው ሴል ውስጥ ነው። ሴሉ ከተጎዳ ወይም ደሙ ሳይለይ ከቆየ ወደ ሴረሙ (ደሙ ከረጋ በኋላ የሚለየው ፈሳሽ) ይፈስና ውጤቱ በሐሰት ከፍ ይላል፤ ከዚያ ደህና የነበረ ታካሚ መድኃኒት ይቀየርበታል። የክንድ ማሰሪያው ከአንድ ደቂቃ አይበልጥ፤ ታካሚው እጁን ደጋግሞ አይጨብጥ። በሲሪንጅ ከተወሰደ በመርፌው በኩል በኃይል ወደ ቱቦ አይገፋ። ቱቦው ቀስ ተደርጎ ይገለበጥ እንጂ አይናጥ። ጄል ያለው የሴረም ቱቦ እንዲያቀርቡ ጠይቁ፤ ሴረሙን ወደ ሌላ ቱቦ ከመቅዳት ያድናችኋል።

ደሙ ቀጥ ብሎ ቆሞ 30 ደቂቃ ይርጋ። ከዚያ ለ10 ደቂቃ በ1,500 ጂ (የመሬት ስበት 1,500 እጥፍ) ይዙር። የጥናቱ መመሪያ በጂ ይጽፋል፤ የእናንተ ሴንትሪፉጅ ግን የሚያሳየው በደቂቃ የሚዞረውን ዙር ነው። ከመሐሉ እስከ ቱቦው ጫፍ በማስመሪያ ለኩ፦ 10 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ወደ 3,660 ዙር፣ 15 ከሆነ ወደ 2,990 ዙር ነው። ቁጥሩን በወረቀት ጽፋችሁ ክዳኑ ላይ ለጥፉ። ደሙ ከተወሰደ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሴረሙ ተለይቶ ማለቅ አለበት።

መብራት ሲጠፋ የሚፈጠረው ትልቁ ስሕተት ያልተለየውን ደም «እንዳይበላሽ» ብሎ ፍሪጅ መክተት ነው። ቅዝቃዜ ፖታሲየምን ወደ ሴል የሚመልሰውን ፓምፕ ያቆመዋል፤ ፍሪጁ ያባብሰዋል ማለት ነው። መብራት ከሌለ ደም አትውሰዱ። ከተወሰደ በኋላ ከጠፋና ሁለት ሰዓቱ ካለፈ ያንን ናሙና ለፖታሲየም አትላኩት፤ ምክንያቱን መዝግባችሁ በቀጠሮው የጊዜ ገደብ ውስጥ ድጋሚ ውሰዱ። ደም መውሰጃውን ጠዋት ከ2:30 እስከ 4:30 ብታደርጉት የሚወስደው መኪና ከሰዓት በፊት ይደርስበታል።

የተለየው ሴረም ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጥ፤ የክትባት ፍሪጅ ውስጥ ግን በፍጹም። ያ ፍሪጅ ለክትባት ብቻ ነው። ትንሽ ፍሪጅና ቴርሞሜትር ከጥናቱ ጠይቁ፤ በቀን ሁለት ጊዜ ሙቀቱ ይመዝገብ፣ ቅዳሜና እሑድም ተረኛው ይመዝግብ። ለጉዞ በረዶው ቱቦውን አይንካ፤ መሐሉ ላይ ካርቶን ይግባ። ቱቦው ላይ ስም አይጻፍ፤ የጥናት ቁጥር፣ ቀንና ሰዓት ብቻ፣ ውኃ በማያጠፋው ማርከር።

መልስ፦ ፋርማሲስት

ማንም ያልጠየቀው መድኃኒቱን ነው። የሦስት ወሩ ቡድን 60 ሰው ይሆናል። በቀን አንድ እንክብል የሚወስድ ሰው ሲገባ በ30 ፈንታ 90 ይወስዳል፤ ማለትም 60 እንክብል ቀድሞ ከመደርደሪያው ይወጣል። 60 ሰው በ60 ሲባዛ 3,600። በስድስቱ የምዝገባ ወራት ከተለመደው ወጪ በላይ ይህን ያህል መጠባበቂያ ከሌላችሁ የሚጎዳው ጥናቱ ውስጥ ያልገባው ታካሚ ነው፤ መጥቶ «አልቋል» ይባላል። ሁለት እንክብል የሚወስድ ካለ እጥፍ ነው። የሁለት ወሩ የመድኃኒት ሪፖርትና ጥያቄ ከመላኩ በፊት ይታሰብበት፤ ወይም ጥናቱ መጠባበቂያውን ገዝቶ ያስገባ። የተሳታፊው ካርድ ላይም የትኛው ቡድን እንደሆነ ምልክት ይኑር፤ አለበለዚያ ተረኛ ፋርማሲስት ለሁሉም የወር ይሰጣል።

መልስ፦ ጤና መኮንን

ግፊት አለካክ ላይ ትንሽ ልጨምር። ከዳገቱ ወጥቶ የመጣን ሰው ወዲያው አትለኩ። አምስት ደቂቃ ይቀመጥ፣ ጀርባው ይደገፍ፣ እግሩ መሬት ይንካ፣ ክንዱ በልቡ ልክ ጠረጴዛ ላይ ይረፍ። በሚለካበት ጊዜ አይወራ። ባለፈው ግማሽ ሰዓት ቡና ጠጥቶ ከሆነ ይጠበቅ። የግፊት መለኪያው መደበኛ ማሰሪያ ከ22 እስከ 32 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ክንድ ነው፤ ወፍራም ክንድ ላይ ትንሽ ማሰሪያ ግፊቱን ከፍ አድርጎ ያሳያል፤ ትልቁን ጠይቁ። በዲጂታል መሣሪያ ሦስት ጊዜ፣ በየአንድ ደቂቃው ልዩነት ለክታችሁ ሦስቱንም እንዳለ ጻፉ። 130፣ 140፣ 150 ብቻ የተደረደረበት ቅጽ አልተለካም ወይም ተጠጋግቷል ማለት ነው፤ ተቆጣጣሪው መጀመሪያ የሚያየውም እሱን ነው።

ፖስታውን በተመለከተ፦ በቁጥር ቅደም ተከተል ብቻ፣ ሰውየው ከፈረመና የመጀመሪያው ልኬት ካለቀ በኋላ ይከፈታል። ከሩቅ በእግሯ ለመጣች እናት አዝኖ የሦስት ወሩን ፖስታ መፈለግ ደግነት ይመስላል። ሩቅ ያሉት አንድ ቡድን ውስጥ ከተጠራቀሙ ግን ሁለቱ ቡድኖች ከመነሻው ይለያያሉ፤ ያን ጊዜ ልዩነቱ የመንገዱ ይሁን የአሰጣጡ አይታወቅም።

ተሳታፊ ሆስፒታል ከተኛ ወይም ከሞተ ከሰማችሁበት ሰዓት ጀምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ ለዋናው ተመራማሪ ይነገር፤ በመኪና አደጋ እግሩ ተሰብሮ ቢተኛም እንኳ። ምክንያቱ ከጥናቱ ጋር ይገናኝ አይገናኝ የሚወሰነው በኋላ ነው።

ጠያቂ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ቀረኝ፦ ቅጾቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ቀጠሮውንም ሰዓቱንም ማን ይቀይረው?

መልስ፦ የመረጃ ባለሙያ

ክሊኒኩ ውስጥ ማንም አይቀይር። ቅጹ ላይ «ዓ.ም.» የሚል ሳጥን እንዲጨመር አሁን ጠይቁ፤ ነርሷ በለመደችው ቀንና ሰዓት ትጻፍ፣ ወደ ፈረንጅ የሚቀይረው መረጃ የሚያስገባው አንድ ሰው ብቻ ይሁን። ሁለት ሰው ሲቀይር አንዱ ሰባት አንዱ ስምንት ዓመት ይደምራል። ሰዓት ላይም «ጠዋት 3:00» ተብሎ ይጻፍ፤ «3:00» ብቻ ከሆነ ሌሊት ተብሎ ይገባል።

ቀጠሮውን በወር ሳይሆን በቀን ቁጠሩ። የእኛ ሦስት ወር ልክ 90 ቀን ነው፤ ጳጉሜን በመሐል ከገባች ግን 95 ወይም 96 ይሆናል፤ የተፈቀደው ልዩነት ሰባት ቀን ከሆነ ብዙ አይተርፋችሁም። ቀጠሮ ጥር 10፣ 11 እና 12 ላይ አይዋል፤ ለጥምቀት ከተማው ይሞላል፣ መንገድ ይዘጋል። እያንዳንዱ ተሳታፊ ሲመዘገብ የራሱን ስልክና የአንድ ቅርብ ሰው ስልክ፣ ቀበሌና የሚታወቅበትን ምልክት ውሰዱ፤ ይህ ወረቀት ከጥናት ቅጹ ተለይቶ በሚቆለፍ ሳጥን ይቀመጥ።

ስሕተት ስታርሙ በአንድ መስመር ሰርዛችሁ ትክክለኛውን ጎኑ ጻፉ፤ ፊርማና ቀን አድርጉበት፣ የመጀመሪያው ጽሑፍ መነበብ አለበት። ነጩን ማጥፊያ ከክፍሉ አውጡት።