በጠቅላላ ዕውቀት ጥያቄ እጅ የሚያወጡት ሁልጊዜ አራት ልጆች ብቻ ናቸው፤ ምን ላድርግ?

ጠያቂ፦ የሰባተኛ ክፍል መምህርት

ጤና ይስጥልኝ። የማስተምረው ኅብረተሰብ ትምህርት ነው፤ በክፍሌ 64 ተማሪዎች አሉ። ዘወትር ዓርብ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ 15 ደቂቃ ለጠቅላላ ዕውቀት ጥያቄ እተዋለሁ። ነገር ግን እጅ የሚያወጡት እነዚያው አራት ልጆች ናቸው፤ ሌላው ቁጭ ብሎ ያያቸዋል። ባለፈው ሳምንት ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ አስነሥቼ የአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት የት እንደሚገኝ ጠየቅኋት። «ናይሮቢ» አለች። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ፤ ልጅቷም ሁለት ቀን ከትምህርት ቀረች። ይህ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ፕሮጀክተርም ኢንተርኔትም የለንም፤ ያለን ጥቁር ሰሌዳ፣ ጠመኔና አንድ የግድግዳ ካርታ ነው። ሁሉንም እንዴት ላሳትፍ? ጥያቄ ከየት ላምጣ? ማርክስ ልያዝበት?

ጡረታ የወጣ መምህር

እህቴ፣ እጅ በማውጣት የሚመለስ ጥያቄ ምንጊዜም የፈጣኖች ነው። ዘገምተኛው ልጅ ማሰብ ሳይጀምር መልሱ ይነገራል። ካለቁ ደብተሮች ሽፋን ለእያንዳንዱ ልጅ አራት ቁራጭ ያስቆርጡ፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ይጻፍባቸው። ጥያቄውን ሁለት ጊዜ ያንብቡ፣ በልብዎ እስከ አሥር ይቁጠሩ፣ ከዚያ «አንሡ» ይበሉ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ካነሣ ለመኮረጅ ፋታ አይኖርም፤ የተሳሳተውም ብቻውን ቆሞ አይሳቅበትም።

ለእርስዎም ይጠቅማል። አንድ ጊዜ የዓድዋ ጦርነት በኢትዮጵያ አቆጣጠር መቼ እንደተካሄደ ጠይቄ ከክፍሉ ብዙው 1888ን ትቶ 1896ን አነሣ። የአውሮፓውያኑን ቁጥር ከእኛው ጋር እንደቀላቀሉት ያኔ ገባኝ። የቀረውን ጊዜ ስለ ዘመን አቆጣጠር አወራን። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. እንደነበረ፣ ማግሥቱም እንቁጣጣሽ እንደነበረ ስነግራቸው ዓይናቸው በራ። ማርኩን ግን ይተዉት፤ ማርክ ሲገባበት ፍርሃትም አብሮ ይገባል።

የጂኦግራፊ መምህር

ከቆዩ የጥያቄ መጻሕፍት ሲወስዱ እባክዎ ይጠንቀቁ። ብዙዎቹ አሁንም የኢትዮጵያ ክልሎች 9 ናቸው ይላሉ፤ ዛሬ 12 ናቸው። ፕሉቶ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006 ከፕላኔቶች ተራ ወጥቷል፤ መጽሐፉ ግን 9 ፕላኔት ይቆጥራል። የራስ ዳሸንን ከፍታ አንዱ 4,620 ሜትር፣ ሌላው 4,533 ይላል። እንዲህ ባለው ቁጥር ልጅን «ተሳስተሃል» ማለት ግፍ ነው። ተራራው በየትኞቹ ተራሮች መካከል እንደሚገኝ ቢጠይቁ ይሻላል።

በማርኩ ከአባታችን ጋር አልስማማም። ትንሽ ማርክ ከሌለው ብዙ ልጅ ይዘናጋል። እኔ የምሰጠው ግን ለመለሰ ሳይሆን ጥያቄ ጽፎ ላመጣ ነው፦ ጥያቄው፣ መልሱና የተገኘበት መጽሐፍ ገጽ በአንድ ቁራጭ ወረቀት። በወር ውስጥ አንድ ካርቶን ይሞላልዎታል፤ ልጁም ጥያቄ ለማውጣት ሲል ያነባል።

የተማሪ እናት

መምህርት፣ እኔን ያሳሰበችኝ ያቺ ልጅ ናት። «ናይሮቢ» ያለችው እኮ ከባዶ ተነሥታ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም ዋና መሥሪያ ቤት ያለው እዚያው ናይሮቢ ነው። በሚቀጥለው ዓርብ መልሱ ናይሮቢ የሚሆንበትን ይህን ጥያቄ ለክፍሉ ሁሉ ያቅርቡ። ስሟን አይጥሩ፤ እርሷ ታውቀዋለች።

ጎጃም ያለሁ የአማርኛ መምህር

የእናትየውን ሐሳብ በጣም ወድጄዋለሁ። እኔ የምጨምረው ከልጅነታችን የእሳት ዳር ጨዋታ ነው። «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ብለን፣ መልሱ ሲጠፋን አገር እንሰጥ አልነበረም? በእኔ ክፍል መልስ የጠፋበት ልጅ አገር ይሰጣል፤ ግን የሰጠውን ከተማ ወይም አገር ወጥቶ በካርታው ላይ ያሳያል። አለማወቅ በጨዋታው ውስጥ ተራ ስላለው ማንም አያፍርም። ሁሉም ሰው «ጎንደር» እያለ እንዳያስቸግርዎ፣ አንድ ጊዜ የተሰጠ አገር እንዳይደገም ይከልክሉ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ልጆቹ ያልተሰጠ አገር ፍለጋ ካርታው ላይ ይሰለፋሉ።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ካርዱን ሐሙስ ከልጆቹ ጋር ቆርጠን ዓርብ ሞከርነው። በመጀመሪያው ጥያቄ ትርምስ ነበር፤ ከሦስተኛው በኋላ ጸጥ ብለው ያስቡ ጀመር። የናይሮቢውን ጥያቄ አራተኛ ላይ አስገባሁት። አራቱ ፈጣኖች «አዲስ አበባ» የተጻፈበትን ፊደል አነሡ። ከኋላ የምትቀመጠው ልጅ «ሐ»ን ይዛ እጇን እስከ ላይ ዘርግታ ነበር፤ ሐ ናይሮቢ ነው። በሌላ ጥያቄ መልስ ሲጠፋት ደግሞ «ጂንካ» ብላ አገር ሰጠች፤ ካርታው ላይ እስክታገኘው የደወሉ ሰዓት አለፈ፤ አንድም ልጅ አልወጣም።